የጉድጓድ ውሃና የኔስለር ጠብታ

ጎንደር ውስጥ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያለው ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ይፈልገዋል። ቧንቧው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲዛባ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሁሉ ወደዚያ ግቢ ያቀናል። መጀመሪያ "ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ብቻ ነው" ይባላል። ቀጥሎ ቡና ይፈላበታል። ቧንቧው ጭራሽ ሲጠፋ ደግሞ ይጠጣል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አይሸትም፤ ጣዕሙም አይከፋም። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ምንም ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር የአንዱ ጉድጓድ ከሌላው ሽንት ቤት ብዙ አይርቅም። በመሬት ውስጥ ከዚያ ወደዚህ የሚሰርግ ነገር ካለ በዓይን አይታይም። ይህን ለማወቅ የውሃ ላብራቶሪዎች ቀድመው ከሚመረምሯቸው ነገሮች አንዱ አሞኒያ ነው። አሞኒያን ለማግኘት ደግሞ ከ150 ዓመት በላይ ያገለገለ አንድ ሪኤጀንት አለ፤ ኔስለር ይባላል። ሪኤጀንት ማለት እዚህ ላይ አንድ ነገር በናሙናው ውስጥ መኖር አለመኖሩን እንዲያሳይ የሚጨመር ኬሚካል ነው።

ኔስለር በሥራው ጎበዝ ነው። ክፋቱ ግን ከሚፈልገው ነገር ይልቅ እሱ ራሱ እጅግ መርዛማ መሆኑ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ወደዚያ እንመጣለን።

መጀመሪያ አሞኒያ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሰውና ከብት ከሚበሉት ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በሽንት ያስወግዳሉ፤ አብዛኛው ዩሪያ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዩሪያ ራሱ አይሸትም። ባክቴሪያዎች ሲሰብሩት ነው አሞኒያ የሚሆነው። አየር የማያገኝ ሽንት ቤት ወይም ያደረ የዶሮ ቤት ስንከፍት አፍንጫችንን ቆንጥጦ ዓይናችንን የሚያስነባን እሱ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ማዳበሪያም አፈር ውስጥ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው መልኩን ይቀይራል። ከውሃው አንድ የሃይድሮጅን ቅንጣት ወስዶ አሞኒየም ይሆናል። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) 7 በሆነ ውሃ ውስጥ አሞኒያ እንደሆነ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሌላው ሁሉ አሞኒየም ነው። አሞኒየም ደግሞ አይሸትም። ስለዚህ "ውሃው አይሸትም" የሚለው ማስረጃ ብዙ አያስኬድም። ፒኤቹ ወደ 9 ከፍ ሲል ግን ሲሶ ያህሉ ተመልሶ አሞኒያ ይሆናል።

እዚያም አይቆምም። አየር ባለበት አፈር ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን መጀመሪያ ናይትራይት፣ ቀጥለው ናይትሬት ያደርጉታል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። በዚህም ምክንያት አሞኒያ በላብራቶሪ ሰዎች ዘንድ የትኩስ ብክለት ምልክት ሆኖ ይታያል። ጉድጓድ ውስጥ አሞኒያ ከተገኘ ቆሻሻው ቅርብ ነው፣ ወይም የመጣው በቅርቡ ነው፣ ወይም ደግሞ መሬቱ አየር ስለሌለው ለውጡ አልተካሄደም። ናይትሬት ብቻ ከተገኘ ጉዳዩ የቆየ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው። ዩሊየስ ኔስለር ጀርመናዊ የግብርና ኬሚስት ነበር፤ የኖረው ከ1827 እስከ 1905 ነው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ካርልስሩኸ በሚባለው ከተማ ሠርቷል፤ ስለ ወይንና ስለ ትምባሆ በሰፊው የጻፈ ሰው ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሳው ግን በ1856 ባስተዋወቀው በዚህ ፈሳሽ ነው። ዘመኑን ልብ በሉት። ኮሌራን የሚያመጣው ባክቴሪያ በጀርመናዊው ሐኪም በሮበርት ኮህ ተለይቶ በሰፊው የታወቀው በ1880ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የአውሮፓ ከተሞች ወንዞቻቸውን በፍሳሽ ሞልተው ያንኑ ውሃ ይጠጡ ነበር፤ ባክቴሪያውን የሚቆጥርላቸውም ሰው አልነበረም። የኔስለር ቢጫ ቀለም ጀርሙን ባያሳይም ፍሳሹን ግን ያሳይ ነበር።

ፈሳሹ ሲዘጋጅ ማየት ደስ ይላል። ፖታሲየም አዮዳይድ ቀለም የሌለው ጨው ነው። በውሃ ተሟሙቶ የሜርኩሪ ክሎራይድ ውህድ ቀስ እያለ ሲጨመርበት ድንገት ደማቅ ቀይ ዝቃጭ ይወጣል። ያ ሜርኩሪ አዮዳይድ ነው። በደንብ ሲቀላቀል ቀዩ ጠፍቶ ፈሳሹ እንደገና ይጠራል፤ አንዱ ሜርኩሪ አራት አዮዳይዶችን ይዞ ይሟሟልና። ቀዩ አልጠፋም ብሎ እንቢ ሲል ነው አዘጋጁ መጨመሩን የሚያቆመው። ከዚያ ጠንካራ አልካሊ፣ ማለትም ፖታሲየም ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይገባል። ዝቃጩ እስኪረጋ ያድርና ከላይ ያለው ጥሩ ፈሳሽ ብቻ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ይቀመጣል። ክዳኑ የጎማ ቢሆን ይመረጣል፤ የብርጭቆ ክዳን ከሆነ አልካሊው ከአፉ ጋር ያጣብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ክፈተው ቢሉት አይከፈትም።

(ይህን የጻፍኩት አሠራሩ እንዲገባችሁ ነው እንጂ ማንም ቤቱ እንዲሞክረው አይደለም።)

አልካሊው ለምን አስፈለገ? አሞኒየሙን መልሶ አሞኒያ ለማድረግ ነው። ሜርኩሪው የሚይዘው አሞኒያውን ነው። አራቱን አዮዳይዶች ይዞ ሲንሳፈፍ የነበረው ሜርኩሪ ናይትሮጅን ሲያገኝ አዮዳይዶቹን ለቆ እሱን ይይዛል። የሚፈጠረው አዲስ ውህድ ቢጫ ነው፤ ሲበዛ ቡናማ ሆኖ ይዘቅጣል።

ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ እንዲህ ነው። ሁለት ረጃጅም፣ ከታች ጠፍጣፋ የብርጭቆ ቱቦዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። በአንዱ 50 ሚሊሊትር የጉድጓድ ውሃ፣ በሌላው ያን ያህል አሞኒያ የሌለው የተጣራ ውሃ ይገባል። በሁለቱም ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሊትር ኔስለር ይጨመርና ቱቦው አንድ ሁለቴ ይገለበጣል። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። ቱቦዎቹ ነጭ ወረቀት ላይ ይቆማሉ፤ መርማሪው ከጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በውሃው ቁመት አሻግሮ ያያል። ከጎን ሲታይ ምንም የማይመስል ቀለም በቁመቱ ሲታይ ይወጣል። እነዚህ ቱቦዎች ራሳቸው የኔስለር ቱቦ ነው የሚባሉት። በዚህ ዓይነት በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም ያነሰ አሞኒያ እንኳ በዓይን ይለያል። አሞኒያው ትንሽ ሲሆን ውሃው ብርዝ ይመስላል፤ ከፍ ሲል ደህና አድርጎ የተጣለ ጠጅ። ከዚያ በላይ ከሆነ ይደፈርስና ቡናማ ዝቃጭ ይጥላል፤ ያኔ ናሙናውን አቅጥኖ እንደገና መሥራት ነው። ስፔክትሮፎቶሜትር ያለው ላብ ደግሞ በዓይን መገመቱን ትቶ ቀለሙ በ425 ናኖሜትር አካባቢ ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ ያነባል፤ ቁጥሩ ከዚያ ይወጣል።

እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። አሁን ሂሳቡን እንሥራ።

በተለመደው አንድ አሠራር በአንድ ሊትር ኔስለር ውስጥ 100 ግራም ሜርኩሪ አዮዳይድ አለ። ከዚያ ውስጥ ንጹህ ሜርኩሪው፣ ማለትም ባዘቃው፣ 44 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ 1 ሚሊሊትር ሪኤጀንት 44 ሚሊግራም ሜርኩሪ ይዟል። በሌላ በኩል 50 ሚሊሊትር የጉድጓድ ውሃ በሊትር 0.5 ሚሊግራም አሞኒያ ቢኖረው፣ በቱቦው ውስጥ ያለው አሞኒያ በጠቅላላው 0.025 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ ያቺን ለማግኘት ከ1,700 እጥፍ በላይ ክብደት ያለው ሜርኩሪ እየጨመርን ነው ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ኢኦርጋኒክ ሜርኩሪ በሊትር 0.006 ሚሊግራም ነው። 44ቱን ለ0.006 ስናካፍለው ከ7,300 ሊትር በላይ ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ ከ360 በላይ ጀሪካን ነው። አንድ ምርመራ ተሠርቶ ቱቦው ሲንክ ውስጥ ሲደፋ ያን ያህል ውሃ እስከ ገደቡ የሚያደርስ ሜርኩሪ ሄደ ማለት ነው። አሞኒያ ግን በጉድጓድ ውሃ ውስጥ በሚገኝበት መጠን ጤና ይጎዳል ተብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ እንኳ አላወጣለትም። ሽታው የሚታወቀው በሊትር ወደ 1.5 ሚሊግራም፣ ጣዕሙ የሚታወቀው ደግሞ ወደ 35 ሚሊግራም ሲደርስ ነው ብሎ ነው ያለፈው።

ሜርኩሪ አንዴ ወንዝ ከገባ አይጠፋም። ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል የባሰ ነገር ይለውጡታል፤ እሱም በአሳ ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማል። የጎንደር ወንዞች ውሃ ደግሞ በመገጭ አድርጎ ጣና ነው የሚገባው። ጃፓን ሚናማታ ላይ ሜርኩሪ ያለበት አሳ በበሉ ሰዎች የደረሰውን መከራ ዓለም ስለሚያውቀው በ2013 በዚያች ከተማ ስም የሜርኩሪ ስምምነት ተፈርሟል፤ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። ብዙ ላብራቶሪዎች ኔስለርን የተዉት አንሶባቸው አይደለም፤ ዝቃጩን የሚያደርሱበት ቦታ አጥተው ነው። እኔ በበኩሌ ዛሬ አዲስ የሚከፈት የውሃ ላብ ኔስለር መግዛት የለበትም ባይ ነኝ። ያለው ላብ ደግሞ የተጠቀመበትን ሁሉ በወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ማጠራቀም፣ "ሜርኩሪ" ብሎ መለጠፍ፣ መቆለፍ። ሲንክ ውስጥ አይደፋም። አልካሊውም ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም።

በምን ይተካ? በርተሎ የተባለው ፈረንሳዊ በ1859 አሞኒያ ከፌኖልና ከክሎሪን ውህድ ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ቀለም እንደሚሰጥ አሳይቶ ነበር። ዛሬ ፌኖሉን በሳሊስሌት ተክተው የሚሠሩ ኪቶች አሉ። አሞኒያ ሲኖር ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከኔስለር ትንሽ ይዘገያል፤ እንደ ኪቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ መቀመጥ ሊኖርበት ይችላል። ሜርኩሪ ግን የለበትም። የአሳ ገንዳ ያላቸው ሰዎች የሚገዙት ትንንሽ ጠርሙስ ያለው ኪት አብዛኛው ይሄ ነው። ኪት ስትገዙ ታዲያ ቀላል መለያ አለ፦ የቀለም ሰንጠረዡ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ ከሆነ ኔስለር ነው፤ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ከሆነ ሳሊስሌት ነው።

የትኛውም ይሁን፣ ቀለም ሊያሳስት ይችላል። የኛ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል አልፎ የሚመጣ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ካለበት ኔስለር ውስጥ ባለው አልካሊ ይረጋና ቱቦውን ያደፈርሰዋል። ለዚህ አስቀድሞ ኢዲቲኤ ወይም ሮሸል የሚባለው ጨው ይጨመራል። ብረትና ሰልፋይድም ያስቸግራሉ። የክረምት ወንዝማ ከነጭራሹ ራሱ ቡናማ ነው፤ በዚንክ ሰልፌትና በአልካሊ አጥልሎ ማጣራት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን በቲዮሰልፌት ማጥፋት ይቀድማል። ሌላው ቀርቶ ላቡ አሞኒያ ባለው ማጽጃ ሲወለወል ከነበረ፣ ወይም አጠገቡ ሲጃራ ከተጨሰ፣ ቱቦው ያለ ጥፋቱ ቢጫ ሊል ይችላል። ንጹህ ውሃ የገባበት ሁለተኛው ቱቦ የሚቆመው ለዚህ ነው።

አወሳሰዱም ቀላል አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ ናሙና የሚያመጣው ጁስ በነበረበት ሃይላንድ ነው፤ ወይም ጠዋት ቀድቶ መኪና ውስጥ ሲያንከራትተው ይውልና ማታ ያደርሰዋል። በሙቀት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን አያቆሙም። አሞኒያው ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል። ዕቃው በደንብ የታጠበ ይሁን፤ ናሙናው በሚቀዳው ውሃ ራሱ ሁለት ሦስቴ ይለቅለቅ፤ በቀዝቃዛ ተይዞ በዚያው ቀን ይድረስ።

ጎንደር ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለችም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1954 የተጀመረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞቹ መካከል ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችም ነበሩበት። ጉድጓድና ሽንት ቤት ምን ያህል ይራራቁ የሚለው የዕለት ሥራቸው ነበር። በነገራችን ላይ በዕርዳታ ሥራ ላይ የሚሠራበት ልክ ቢያንስ 30 ሜትር ነው፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ታችኛው ጫፍ ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይፈለጋል። 30 ሜትር በመሃል ከተማ ግቢ ውስጥ የት ይገኛል የሚል ካለ ጥያቄው ትክክል ነው፤ አይገኝም። ለዚህም ነው ምርመራው የሚያስፈልገው።

እንበል የጉድጓዳችሁ ውሃ ቢጫ አሳየ። ይህ ፍርድ አይደለም። ጥልቅ፣ አየር የማይደርሰው የከርሰ ምድር ውሃ ያለ ማንም ፍሳሽ አሞኒያ ሊኖረው ይችላል። የተለመደው የከርሰ ምድር ውሃ በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም በታች ነው። አየር በሌለበት ሽፋን ግን እስከ 3 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት የባክቴሪያ ምርመራ ነው፤ ከሰገራ የሚመጣው ኢኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አለው ወይ? ናይትሬቱስ? አሞኒያውም ኢኮላዩም ካለ የሰው ወይም የከብት እዳሪ ውሃው ውስጥ እየገባ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው።

በተቃራኒው ቱቦው ነጭ ሆኖ መቅረቱም ነጻ አያወጣም። ታይፎይድም ጃርዲያም አሞኒያ ሳይኖር ሊኖሩ ይችላሉ። ናይትሬት ደግሞ በኔስለር አይታይም። ናይትሬት ለጡጦ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ማፍላትም አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያበዛዋል።

አሞኒያ ላለበት ቤት ትልቁ ጉዳይ ክሎሪን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ውሃ አጋር ወይም ሌላ የክሎሪን መድኃኒት ስትጨምሩ ክሎሪኑ ጀርሙ ጋ ከመድረሱ በፊት አሞኒያው ይይዘዋል። ክሎራሚን ይሆናል፤ ክሎራሚን ጀርም ይገድላል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። 1 ሚሊግራም አሞኒያ-ናይትሮጅን ጨርሶ ለማጥፋት በስሌት 7.6 ሚሊግራም፣ በተግባር እስከ 10 ሚሊግራም ክሎሪን ይጠይቃል። ለጠራ ውሃ በተለምዶ የሚጨመረው ግን በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን ካለበት ጉድጓድ የተቀዳ ጀሪካን ላይ በክዳን ለክቶ ጨምሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጠጣት ታዲያ ለስሙ ነው። መጠኑን በግምት ማብዛትም መፍትሔ አይሆንም። እንዲህ ያለ ውሃ ለመጠጥ ከተፈለገ በደንብ ይፈላ፤ ናይትሬቱ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ሕፃን አይጠጣው።

እግረ መንገዴን፦ ሽንት ቤት የምታጥቡ ሰዎች፣ በረኪናን አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ይኸው ክሎራሚን ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል።

የውጤት ወረቀቱን ስትቀበሉ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ እዩ። አንዳንዱ ላብ አሞኒያ ብሎ፣ አንዳንዱ አሞኒየም ብሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ አሞኒያ-ናይትሮጅን ብሎ ይጽፋል። ሦስቱ አንድ ቁጥር አይደሉም። 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ሲቀየር 1.22፣ ወደ አሞኒየም ሲቀየር 1.29 ይሆናል። ያለፈው ዓመት ወረቀት በአንዱ፣ የዘንድሮው በሌላው ተጽፎ "ጨመረብን" ብሎ መጨቃጨቅ አለ።

ሲነጻጸርም ጉድጓዱ ከራሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው። አንዴ በሚያዝያ፣ ውሃው ዝቅ ሲል፤ አንዴ ደግሞ በነሐሴ፣ ዝናቡ አፈሩን አልፎ ሲገባ ይመርመር። የሚያዝያው ደህና ሆኖ የነሐሴው ቢጫ ካለ ውሃው የሚገባው ከላይ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት የጉድጓዱ አፍ፣ ክዳኑና ዙሪያው ያለው ሲሚንቶ ነው፤ ስንጥቁን መድፈን አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈር በጣም ይረክሳል።